ሳይበርድ የማያስከፍቱት አቶ ቆይ

ባልደረቦቻቸው ‹‹አቶ ቆይ›› የሚሏቸው ወንድማችን በ1946 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። ቀናቸውን አሳልፈው ነው የመጡት፤ ቆይ ማለትን የጀመሩት ገና በማህፀን ሳሉ ነው።

ታላቅ እህታቸው ራሷ የትምህርት ቤት ደጅ ሳትረግጥ፣ እሳቸውን በጆሮ ጎትታ አስገባች። አላሳፈሯትም፤ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በማዕረግ ተመረቁ።

በ1968 ዓ.ም. ከአሸዋ የተጣበቀውን ሬንጅ መሳይ ነገር ነዳጅ ወደሚያደርገው ፋብሪካ ገቡ። ሥራው ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው፦ ሬንጁ በሙቅ ውሃ ከአሸዋው ይለቃል፤ በምድጃ ግሎ ፎቅ በሚያህል የብረት ጋን ይገባል። ቀላሉ ተንኖ ወጥቶ ነዳጅ ይሆናል፤ ዝቃጩ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ከሰል ሆኖ ጋኑ ውስጥ ይቀራል። ከሰሉ በውሃ ሳይበርድ ጋኑን መክፈት እሳት ላይ መዝለል ነው። ‹‹አሁን ክፈቱ›› የሚሉት የፈረቃው አለቃ ወንድማችን ነበሩ።

በ1971 ዓ.ም. ነርሷን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ቤትም ውስጥ ድስት ሳይበርድ ክዳን አያስነሱም ነበር፤ እንግዳ በረሃብ ያልቅ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ‹‹ቦቴዎች ተሰልፈዋል፣ ክፈቱ!›› እያሉ መጡ። ወንድማችን ‹‹ቆይ›› አሉ።

‹‹እንቁላል ነው እንዴ የምትቀቅለው?››

‹‹ጌታዬ፣ ጨርቅ ቢቃጠል አባቴ ይጥፉት ነበር፤ ለሰው ቆዳ ግን ሰፊ የለውም።››

ወንድማችን እዚያው እንደቆሙ ከአለቃነታቸው ተነሱ። ኃላፊው ሠራተኞቹን ቢያዙም ንቅንቅ ያለ አልነበረም። ጭቅጭቁ ሳያልቅ የጋኑ የታች ክዳን በራሱ ለቀቀና የፈላ ውሃና የጋለ ከሰል ወለሉን ሞላው። ሠራተኞቹ ለመክፈት የሚቆሙት እዚያ ላይ ነበር። አንድም ሰው አልተነካም።

ኃላፊው በማግስቱ ወደ ቦታቸው መለሷቸው እንጂ ይቅርታ አልጠየቋቸውም። የወንድማችን ታላቅ እህት ግን ይህን አልረሳችም፤ ኃላፊው ዛሬ እዚህ ካሉ ይስሙት።

በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐኪሞች ተስፋ ከቆረጡ በኋላም የልጅ ልጃቸውን ሳያቅፉ አልሄዱም። ሞትንም ‹‹ቆይ›› አሉት። ጥቅምት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና ታላቅ እህታቸውን ትተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

ያን ቀን እዚያ ወለል ላይ ልትቆሙ የነበራችሁ፣ ዛሬ ፀጉራችሁ ሸብቶ ሳጥናቸውን ተሸክማችኋል። ቀስ በሉ። እሳቸው አጣድፈዋችሁ አያውቁም።