ያልሠራኋቸው አራት ወራት

ውድ ጋሽ ኑሪ፣

ከአምስት ዓመት በኋላ ስሜን ሲያዩ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ቢተዉት አልቀየምዎትም። ቢያንስ ደውዬ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፍሬ ዝም አልኩ፤ ዝምታው ሲቆይ ደግሞ ከጥፋቱ ባሰ።

ለእህቴ ሰርግ ብዬ የሦስት ቀን ፈቃድ የጠየቅሁዎት ውሸቴን ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ቪዛዬ ተመትቶ ነበር። እናቴ "አውሮፕላኑ እስኪነሳ ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ዓይን አለ፣ ምቀኛ አለ" ብላ አስምላኝ ነበር። እርስዎን ከምቀኛ መቁጠሬ እስካሁን ያሳፍረኛል። በቢሮው መኪና እስከ መናኸሪያ አድርሰውኝ "ሙሽራዋን እንኳን ደስ አለሽ በይልኝ" ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። የቡታጅራው የውሃ መስመር ግማሹ ተቆፍሮ፣ ሠራተኛው እኔን ሲጠብቅ፣ እኔ ሲያትል ገባሁ።

አሁን ከሲያትል አጠገብ ቱክዊላ በምትባል ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እለያለሁ። ደክሞኛል ጋሽ ኑሪ። ከምኖርበት ከኦቴሎ ሰፈር በጠዋት ወጥቼ ማታ ስመለስ ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ ማለት ያቅተኛል። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ሁዛይፋ ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት ማኔጀርነት ሰርተፍኬት ወስዶ ዛሬ ቢሮ ገብቷል። "ዲግሪሽን እዚህ ማንም አያይልሽም፤ እሱ ካለሽ ግን ለኢንተርቪው ኮል ያደርጉሻል" አለኝ። እኔም ከዕረፍት ሰዓቴ እየሰረቅሁ ስምንት ወር አጠናሁ። በሰው ጓሮ ቧንቧ ከማሳለፋችን በፊት እርስዎ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው ያስፈቅዱ የነበረውን፣ መጽሐፉ "ስቴክሆልደር ማኔጅመንት" ብሎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ብቻዬን ሳቅሁ።

ለፈተናው ለመቀመጥ ግን ሦስት ዓመት ፕሮጀክት መምራቴን የቀድሞ አለቃዬ ማረጋገጥ አለበት። አለቃዬ እርስዎ ነዎት። ፎርሙ ላይ እስከ ሰኔ ሠርቻለሁ ብዬ ሞላሁ። የወጣሁት በየካቲት ነው። እስከ ሰኔ ከሆነ ሦስት ዓመት ይሞላል፤ እስከ የካቲት ከሆነ አራት ወር ይጎድላል።

"ሶ? ማን ያውቃል? ዝም ብለሽ ሰብሚት አድርጊው" አለ ሁዛይፋ።

እርስዎ ያውቃሉ። በእነዚያ አራት ወራት የእኔን ቦይ ያስቆፈሩት፣ ቧንቧውን ያስቀበሩት፣ በእኔ ፋንታ የተወቀሱት እርስዎ ነዎት። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት እንዲዋሹልኝ ልለምንዎት ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ አልቻልኩም። ሰኔን ሰርዤ የካቲት ብዬ ጻፍኩ።

በዚህ ፎርም ለፈተና እንደማልቀመጥ አውቃለሁ። ቢሆንም ልኬልዎታለሁ። እዚህ አገር ካርቶን ስሸከም እንጂ ሠላሳ ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ስመራ ያየኝ አንድ ሰው የለም። እርስዎ አይተውኛል። እባክዎ ይፈርሙልኝ።

በደሌን ይቅር ይበሉኝ፤
ሠርካለም