መነጽርህ ሩዙ ውስጥ ነበር

አባዬ፣

እንዴት ከረምክ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት፤ ጠይቄህ ዝም ስትለኝ አልችልም። ከተለያየን ስምንት ወር አለፈን። እኔ የምቆጥረው ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከወጣሁበት ቀን ነው፣ ሳራ ደግሞ ከሞትክበት ቀን ትቆጥራለች። በእኔና በእህቴ ቆጠራ መሃል ሦስት ቀን አለ። እኔን የሚያነደኝ እሱ ሦስት ቀን ነው።

ቤቱ ያው ነው። የቶርንክሊፍ ሕንፃችን ሊፍትም እንደተበላሸ ነው። ሳራ ወንበርህ ላይ የታጠበ ልብስ ትከምርበታለች፣ ባዶ እንዳይመስል። ሩዝ ግን አንበላም።

ወደ ቬትናም ለሽርሽር የተነሳሁ ቀን፣ አንተ ሻወር እየወሰድክ፣ እንደ ልማዳችን ልቀልድብህ የማንበቢያ መነጽርህን በፌስታል ጠቅልዬ ትልቁ የሩዝ ከረጢት ውስጥ ቀበርኩት። ኮሌጅ ያቋረጠው ልጅህ በዚህ እንኳን ጎበዝ ነው። አንተ ምንም ሳታውቅ ግንባሬን ሳምከኝና፣ ሌላውን ተወው፣ ቡናቸውን ቀምሰህ ንገረኝ አልከኝ።

ሃኖይ እንደደረስኩ የድምፅ መልእክትህ መጣ። አንተ ቀልማዳ፣ መነጽሬን የት ወሸቅከው፣ መጽሐፍ ቅዱሴን በክንዴ ርዝመት አርቄ እያነበብኩ ነው አልክ። እኔና ጓደኛዬ ናቲ መንገድ ዳር የሕፃን መቀመጫ በምታክል የፕላስቲክ በርጩማ ላይ፣ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ፣ የኑድል ሾርባ እየጠጣን ነበር። ሳቅን። ምን ብዬ መለስኩልህ? ፈልግ። ፍንጭ ልስጥህ፣ ነጭ ነው። ከእኔ የሰማኸው የመጨረሻ ቃል ይሄ ሆነ። ነጭ ነው ስላልኩህ ስኳሩን ገልብጠህ፣ ጨውን ገልብጠህ፣ ፍሪጁን ሳይቀር ፈትሸህ እንደነበር ሳራ በኋላ ነገረችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አውቶቡስ ስትጠብቅ ወደቅክ። ልብህ ነው አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደግሞ በሰው አገር እያለ መርዶ አይነገረውም፣ ቀኑ ሳይደርስ ብናስመጣውም ይነቃል ብለው ወሰኑ። ለናቲ ብቻ ኮል አድርገው፣ እንዳታስነቃው፣ በሰላም ይዘኸው ና አሉት። ቀብርህንም ለእኔ አቆዩልኝ።

እኔ ግን አምስት ቀን ሙሉ ለሞተ ሰው ፎቶ እየላክኩ ነበር። በቤቶች መሃል ግድግዳ እየታከከ የሚያልፈውን ባቡር ላክኩልህ። የእንቁላል ቡናቸውን ላክኩልህ፤ አስኳሉን በጣፋጭ ወተት መትተው ቡናው ላይ የሚደፉትን። ቡናው ላይ ስኳር የጨመረን ሰው በጎሪጥ የምታይ ሰውዬ፣ ብትኖር አስር ደቂቃ ሙሉ ትሰድበኝ ነበር። የመጣልኝ ግን አንድ ቢጫ አውራ ጣት ነው። ለካ ስልክህን የያዘችው ሳራ ናት። ድምፄን መስማት አቅቷት፣ መልእክቴን ሳትከፍት አውራ ጣት ብቻ ትልክልኝ ነበር።

እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ናቲ ከሳህኑ የመጨረሻዋን የተጠበሰች ጥቅልል ለእኔ ሲተውልኝም መንቃት ነበረብኝ፤ ናቲ ለማንም ምግብ ትቶ አያውቅም። እኔ ግን በመነጽሩ አኩርፈሃል ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ ተሸነፍኩልህ። አንድ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ፣ እሺ አባዬ ይቅርታ፣ ሩዙ ውስጥ ነው ብዬ በድምፅ ላክኩ። አውራ ጣት መጣ። ታረቅን ብዬ ሁለተኛ ቡና አዘዝኩ።

ቤት ስገባ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሳራ ጥቁር ለብሳለች። አንደኛው፣ ቁጭ በል ልጄ አሉኝ። አባዬ፣ እኔ ሳቅኩ። መነጽርህን ልትበቀል ቤተ ክርስቲያኑን በሙሉ ያስተባበርክ መስሎኝ ሳቅኩ። በቃ አሸንፈሃል፣ ውጣ እያልኩ ቁም ሳጥንህን ከፈትኩ፣ መጋረጃውን ገለጥኩ፣ ጎንበስ ብዬ ከአልጋህ ሥር አየሁ። ማንም አላስቆመኝም። ቀና ስል ሳራ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ በማንም ላይ ቀልጄ አላውቅም። ሬክስዴል ሰፈር የምሠራበት መጋዘን ያሉት ልጆች አሞሃል ወይ ይሉኛል። አላመመኝም። ጠዋት ተነስቼ የማናድደው ሰው የለኝም፣ ያው ነው። ሰው ሁሉ ጊዜ ይሽረዋል ይለኛል። እኔ ግን በየቀኑ ፍሪጁን በከፈትኩ ቁጥር አንተ ጎንበስ ብለህ ስትፈልግ አይሃለሁ።

መነጽርህን ከቀብር በኋላ እኔው ራሴ ከሩዙ አወጣሁት። በግራው መስታወት ላይ የአውራ ጣትህ አሻራ አለ። ሳራ ጠርገን ለሚያስፈልገው ሰው እንስጥ ትላለች። እውነቷን ነው። ግን እንዳታገኘው ደብቄዋለሁ። የት እንደሆነ ላንተ ብቻ፣ ያለምንም ፍንጭ ልንገርህ፦ በክረምት ጃኬቴ የውስጥ ኪስ፣ በግራ በኩል ነው። ጃኬቱ ሲያረጅ ወደ አዲሱ አዛውረዋለሁ፤ እስካለሁ ድረስ ከዚያ አይወጣም።

አባዬ፣ አትፈልግ።