ገመድ የሌለው መጥረጊያ

ኪሉንግ፣
በአሥራ ሁለተኛው የጨረቃ ወር፣ በሃያ አንደኛው ቀን

ለተቆጣሽው ባለቤቴ ለቢዩን፣ ለፔይሹዋን እናት፤

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። የኪሉንግ ዝናብም ደህና ነው፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አንድ ቀን አላረፈም። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ለልጅሽ ታቀብያታለሽ፤ እሷም «እማዬ ተኝታለች» ትለኛለች። አንቺ ከኋላዋ ቴሌቪዥን እያየሽ ስትስቂ ይሰማኛል እኮ! ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁብሽ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ብትቀጂውም መጀመሪያ አንብበሽ ነው የምትቀጂው፤ አውቅሻለሁ።

በመጀመሪያ ንዴቴን ልናገርና ይውጣልኝ። በጨረቃ በዓል ዕለት፣ ጣሪያው ላይ ሥጋ እየጠበስን፣ የልጃችን ባል ከነወላጆቹ፣ ጎረቤቱም ሁሉ ባለበት ምን ነበር ያልሽው? «ይሄ ሰውዬ በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳራችን ቤት በማጽዳት ያገዘኝ ነገር ቢኖር፣ ስጠርግ እግሩን ማንሳቱ ነው!» ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። የልጃችን ባልማ ከሳቁ ብዛት ሥጋው ከመቆንጠጫው አምልጦ ከሰል ውስጥ ገባበት። እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ወደብ ላይ ክሬን ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ! የመርከብ ሙሉ ኮንቴነር እያነሳሁ ሳወርድ ኖሬ፣ በመጨረሻ እግሩን የሚያነሳው ሰውዬ ተብዬ ልቅር? እስካሁን ገበያ ስወጣ እግሬን የሚያዩኝ ሰዎች አሉ።

እሺ፣ አቧራ የሚስብ ቫኪዩም ግዛልኝ ብለሽኝ ነበር፤ አልክድም። «ገመድ የሌለው፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ቆሜ የምገፋው፣ አልጋ ስር የሚገባ» ብለሻል። እኔም «መጥረጊያ ምን ጎደለው? ባትሪ አይጠይቅ፣ አይበላሽ!» ብያለሁ። በበዓሉ ማግስት በዚያው መጥረጊያ አልጋ ስር ልትጠርጊ ጎንበስ ስትዪ ወገብሽ እዚያው ቀረ። ሐኪሙ ጎንበስ ማለት ከለከለሽ፤ አንቺም የልጅሽ ባል መኪና ውስጥ ገብተሽ ካዎሹንግ፣ ልጅሽ ቤት ወረድሽ። መጥረጊያውን የያዝሽው አንቺ፣ ጥፋተኛው እኔ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ይሄ ሁሉ አንሶ፣ ባለፈው ሳምንት በልጅሽ በኩል የላክሽብኝ መልእክት! «ለአባትሽ ንገሪው፤ የአሮጌ ዓመት ጥራጊ ተኝቶ አዲስ ዓመት በሚገባበት ቤት የዋዜማ እራት አልበላም።» ልጅሽ ደግሞ ምን ብትጨምርበት ጥሩ ነው? «አባዬ፣ ቤቱ ካልጸዳ እኛም እዚሁ ነው የምንበላው።» የዋዜማን እራት! እኔ ብቻዬን በአባቴና በእናቴ ፎቶ ፊት ተቀምጬ ከደጅ የመጣ ኑድል ልበላ? ሙታኑስ ምን ይሉኛል? ከበዓሉ በኋላ አጸዳለሁ እንዳልል፣ በአዲስ ዓመት ቀን መጥረጊያ የሚያነሳ ሰው የራሱን ዕድል ነው ጠርጎ የሚያስወጣው። ከዋዜማው በፊት መሆን አለበት። እልህ ያዘኝና ቫኪዩም ልገዛ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ትልቅ መደብር ነው። ባዶ እጄን አልሄድኩም። ከሶፋው ስር የሐብሐብ ዘር ልጣጭ በይው፣ አቧራ በይው፣ ያገኘሁትን ሁሉ በፌስታል ሰብስቤ ይዣለሁ። ሰው ለቤቱ ማሽን ሲመርጥ በቤቱ ቆሻሻ ነው የሚሞክረው፤ ምን ነውር አለው? ከረባት ያሰረ ሻጭ እየሳቀ መጣና «አባባ፣ ይሄ አንዴ ቻርጅ ካደረጉት ስድሳ ደቂቃ ይሠራል» አለኝ። ፌስታሌን ወለሉ ላይ ገለበጥኩት።

«ኧረ አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ዕቃ እየመረጥኩ ነው። ጥረግልኛ!»

ማሽኑ ልጣጩን ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠው አለፈው። «ይሄ በቀስታው ስለሆነ ነው» አለና ኃይሉን ጨመረው። አሁን ጠረገ። ግን ሰውዬው ወሬውን ሳይጨርስ ማሽኑ ጭጭ አለ። «ስድሳው ደቂቃ የት ሄደ?» ብለው፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ «ስድሳው በቀስታው ነው አባባ፤ በኃይለኛው ስምንት ደቂቃ ነው» አይለኝም! እንግዲህ ሲሠራ አይጠርግም፣ ሲጠርግ አይሠራም። ዋጋውን ሲነግረኝ ደግሞ የሞተር ሳይክላችን ዋጋ ነው የመሰለኝ። ሞተሯ እንኳ ሁለታችንን ተሸክማ ታይፔ ድረስ ታደርሰን ነበር። ፌስታሌን ጥዬለት ወጣሁ፤ ቆሻሻውን ራሱ ይጥረገው።

ከዚያ ርካሽ ፍለጋ ቤተ መቅደሱ ስር ወዳለው ገበያ ወረድኩ። እዚያ ያለችው ሻጭ የሁለት ሰው ምሳ በሚገዛ ገንዘብ ልትሰጠኝ ነው። «ባትሪው እንዴት ነው የሚወጣው?» አልኳት።

«አይወጣም አባባ፤ ከማሽኑ ጋር አንድ ላይ ነው የተሠራው።»

«ሲሞትስ?»

«ሲሞትማ ሌላ ይገዛሉ!»

ሰማሽ? ባትሪው ሲሞት ማሽኑ አብሮት ይቀበራል! ይሄንን እኮ ሳታፍር ነው የምትነግረኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ትቻት ሄድኩ።

በመጨረሻ አብሮ አደጌ አ-ቶንግ ሱቅ ገባሁ። እሱ ሁለት አወጣልኝ። ሁለቱም ባትሪያቸው ይወጣል፣ ማጣሪያቸው በውኃ ይታጠባል፣ ተኝተው አልጋ ስር ይገባሉ፣ የሁለቱም ኃይል ያው ነው። አንደኛው እንደ ጃንጥላ ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ሌላው ከግማሽ በታች ነው፤ ነገር ግን እጅ ላይ ይከብዳል። «ቅለት ነው የሚያስከፍለው» አለኝ አ-ቶንግ። ዓለም እንዲህ ሆነ ቢዩን! ዱሮ ብረት በበዛ ቁጥር ዋጋ ይጨምር ነበር፤ ዛሬ ብረት በጎደለ ቁጥር ይጨምራል። ቢሆንም ወገብሽን አሰብኩና ጥርሴን ነክሼ ቀላሉን ገዛሁ። አዎ፣ እኔ! ቆጥቋጣ የምትዪኝ ሰውዬ!

ካርቶኑን ታቅፌ ደረጃውን ስወጣ፣ ከስራችን የምትኖረዋ እማማ ሊያዎ በሯ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ታውቂያት የለ፣ ሳትጠይቅ ሰው አታሳልፍም።

«ምንድነው እሱ፣ ጂንሹይ?»

«ቫኪዩም ነው፤ ለቢዩን። በአንድ ጣት ይነሳል» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

«ሐኪሙ አርፋ ትቀመጥ አላለም እንዴ?»

«ብሏል! ለዚህ አይደል እንዴ ቀላል የገዛሁላት?»

«ታዲያ ማን ሊይዘው ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው ማን ሊይዘው? እሷ ናታ!»

ጎመኑን አስቀመጠችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አይ አንተ! ሴትዮዋ ወገቧ ተቆርጦ ሄደች፤ አንተ ደግሞ ተመልሳ የምትይዘው መጥረጊያ ገዝተህ ትጠብቃታለህ። እጅ የለህም? እኔ የማያቸው እነዚህ ሁለቱ የማን ናቸው?»

ደሜ ፈላ! በሰው ትዳር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት? የራሷ ባል እኮ የሞተው ካልሲው ያለበትን ቦታ ሳያውቅ ነው! ደረጃውን ወጣሁና በራችንን ድርግም አደረግሁባት። ማሽኑን ከካርቶኑ አውጥቼ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና አፈጠጥኩበት። እስኪ ማን ይይዝሃል ይላሉ? ለሴት ተብሎ የተሠራ ዕቃ አይደለህም? እያልኩ በሆዴ ስሟገት፣ ትንሽ ቆይቶ ጉልበቴን አመመኝ። ዝቅ ብዬ ባይ፣ ወይ ጉድ! ሁለቱም እግሮቼ ተነስተዋል። ቤት ውስጥ ማንም የለም፤ የሚጠርግ የለም፤ ማሽኑ ቆሟል፤ እግሬ ግን ተነስቶ አየር ላይ ነው! እንደዚያ ቀን የተናደድኩበት ቀን የለም። በማን እንደተናደድኩ ግን አትጠይቂኝ።

በነጋታው ጠዋት ዝናቡን ሳልፈራ ወደ አ-ቶንግ ተመለስኩ።

«ለውጥልኝ» አልኩት።

«ምነው፣ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም፤ ቀለለ!»

«ለሚስትህ ነው ብለህ አልነበር እንዴ?»

«ለኔ ነው!» ብዬ ስጮህ፣ ማዶ ለሾርባ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይዩኝ! ከባዱን ተቀበልኩት። እንግዲህ ልንገርሽ፤ ርካሹ እሱ ነው። እኔ ከያዝኩት ርካሹ ይበቃናል፤ አንቺ የምትይዢው ቢሆን ነው ውዱ የሚያስፈልገው። ይሄን ያህል ጊዜ ስዞር ይሄን አንድ ሰው እንዴት አይነግረኝም?

ትናንት ጀመርኩት። ከበሩ ተነስቼ ወደ ውስጥ፤ ዕድላችንን ወደ ደጅ እንዳላስወጣ። ቢዩን፣ አልጋው ስር እንደዚያ ሰፊ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም? ወገቤ ተንቀጠቀጠ እኮ! ይሄን ሁሉ ዓመት እዚያ ስር ስትገቢና ስትወጪ አንዴም እንኳ አልጮህሽም። ብትጮሂ ምን ነበረበት? ይሄም ያናድደኛል። ቆሻሻው የሚጠራቀምበት ዕቃ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወለል አድርጎ ያሳያል። አንቺ ከሄድሽ አራት ወር ሆነሽ፣ ፀጉርሽ ግን ቤቱን አልለቀቀም። ብሩሹ ላይ ተጠምጥሞ ማሽኑን አስቆመው። አ-ቶንግ በመቀስ ቁረጠው ብሎኝ ነበር፤ መቀሱን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ቁጭ ብዬ በእጄ ፈታሁት። ናፈቅሽኝ አልልሽም፤ ተናድጃለሁ ነው የምልሽ።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገር፤ ስታነቢው አትጩሂ። ስሜት ውስጥ ገብቼ የአማልክቱን ጠረጴዛም፣ ለእነሱና ለአባቶቻችን ዕጣን የምናጨስበትን፣ ጀመርኩት። እማማ ሊያዎ ድምፁን ሰምታ ልትሰልለኝ መጣችና በሩ ላይ ሆና እሪ አለች። «ምን ነካህ! አማልክቱ እኮ ወደ ሰማይ የሚሄዱት በሃያ አራተኛው ቀን ነው! ባለቤቶቹ ቤት ውስጥ እያሉ ቤታቸውን ትጠርጋለህ?» እኔ ምን አውቄ! ይሄ ሁልጊዜ ያንቺ ሥራ ነው። እሷ ስትጮህ ደንግጬ እጄ አዳለጠኝ፤ ማሽኑ የዕጣኑን አመድ ግማሹን ዋጠው። የአባቶቻችን ዕጣን አመድ ከሐብሐብ ዘር ልጣጭ ጋር ተደባልቆ ብርጭቆው ውስጥ ሆኖ ሲያየኝ፣ ቶሎ ብዬ ማሽኑን አጠፋሁት። እማማ ሊያዎ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። አመድ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አማልክቱን ማለቴ ነው።

ብርጭቆውን አልደፋሁትም። አመዱ መመለስ አለበት ወይስ አዲስ መደረግ አለበት፣ ስንት ጊዜ ነው በወንፊት የሚነፋው፣ የአማልክቱ ምስል በየትኛው ጨርቅ ነው የሚወለወለው፣ ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ካንቺ በቀር ማንም የለም። እማማ ሊያዎ አውቃለሁ ትላለች፤ እኔ ግን አላስነካትም። አማልክቱ ሊሄዱ ሦስት ቀን ነው የቀራቸው። ልጅሽ ባሏን አስነሥታ ታምጣሽ፤ ሃያ አራተኛው ቀን ከመድረሱ በፊት። ሌላው ክፍል ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ካላመንሽ በነጭ ካልሲ ግቢ።

አንድ ነገር ግን አስጠነቅቅሻለሁ፤ ማሽኑን እንዳትነኪ። ከባድ ነው፣ ላንቺ አይሆንም፣ ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። ደረጃውንም በቀስታ ውጪ፤ እኔ ታች ሆኜ ጃንጥላ ይዤ እጠብቅሻለሁ።

የባሕሯ እናት ማዙ መንገድሽን ታቅናልሽ፤ ወገብሽን ትማርልሽ፤ የዋዜማውን ዓሣ ከነጭራው በአንድ ጠረጴዛ ታብላን። ወንበሬን ከመስኮቱ ስር አድርጌልሻለሁ፤ ወደቡ ይታያል። እዚያ ላይ ቁጭ ብለሽ የአማልክቱን ነገር እዘዢኝ። እኔ እየጠረግሁ ካጠገብሽ ስደርስ ደግሞ፣ እግርሽን ብቻ አንሺ።

የፔይሹዋን አባት፣
ጂንሹይ