ለምራቴ በጃፓንኛ

ሰኞ፣ የካቲት 9
ገብቶኝ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የልጄ የሙሉቀን ሚስት ዩኮ ከጃፓን መጥታ፣ ጉልበቴን ስማ፣ በአማርኛ «አባቴ፣ ይመርቁኝ» ስትለኝ አንድም ቃል አላመለጠኝም። ሳያማክረኝ በማግባቱ ተቀይሜ ነበርና ወደ እንግዶቹ ዞሬ፣ «ምን ትላለች ይቺ?» አልኩ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ቤቱ ሳቀ። ሙሉቀን ውጭ በግ ይገፍፍ ነበር፤ አልሰማም። ወደ ጃፓን ከተመለሱ ወዲህ ስልክ ላይ አትቀርብም። እሱ «ዓይን አፋር ናት» ይለኛል።
ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾሙ ዛሬ ገባ። በዚህ አፌ።

ማክሰኞ
ግቢዬ ተከራይታ የምትኖረው ሰሚራ ጃፓን ተምራ የመጣች ናት፤ ከመስከረም ጀምሮ ጃፓንኛ ታስጠናኛለች። ፊደላቸውን በወር ለቀምኩት፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ እያለ እንደኛው ይሄዳል። ግሱም እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ደስ አለኝ። ኋላ የሥዕሉ ፊደል መጣ። አንዱ ሦስት ዓይነት ይነበባል። ትናንት ያጠናሁት አሥር፣ ዛሬ የቀረኝ አራት።
«ለመናገር እኮ እሱ አያስፈልግዎትም፣ አባባ።»
«እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»
«ደስ ሲልዎት አይቼ።»
ይቅርታ መጠየቂያው ቃል ራሱ ብዙ ነው። እግር ለረገጠ ሌላ፣ ልብ ለሰበረ ሌላ። የከባዱን ስሞክር ሰሚራ ሳቋ አመለጣት። ደብተሩን አጠፍኩ።

ረቡዕ
በእኛ ደንብ በዳይ ሽማግሌ ይልካል። ሰሚራን «ሽማግሌ ሁኚኝ፣ አንቺ ደውለሽ ንገሪልኝ» አልኳት።
«በዚህ ዕድሜዬ?» ብላ ቀለደች። ከዚያ «ምን አድርገው ነው?» አለች። ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።
«እኔ እዚያ ሳለሁ ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ የምለውን እየደጋገምኩ፣ ሳልገዛ የተመለስኩበት ቀን አለ» አለች። «እሷ ያቺን ቃል ይዛ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ መጣች። አልልልዎትም፣ አባባ። ራስዎ ይበሉት።»
ወጥታ ሄደች። ተናድጄባት አመሸሁ። ምኗ ላይ እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ሚካኤል
ከቅዳሴ መልስ ደወልኩ። አስቀድሜ ለሙሉቀን ሁሉንም ነገርኩት። «አባዬ...» አለ። ስልኩን የዘጋው መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ለዩኮ ሰጣት።
ግድግዳውን ተደግፌ በጃፓንኛ ተናገርኩ። ያን ጊዜ ያልሽኝ ገብቶኝ ነበር፤ ሆን ብዬ ነው ያሳቅሁብሽ፤ ይቅር በይኝ። መሀል ላይ ግሱ ጠፋኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እንደገና ጠፋኝ። በሦስተኛው ወጣልኝ።
አልሳቀችም። ስልኩን መለሰችለት።
ሙሉቀን ተቀብሎ «እሁድ ደውል» አለኝ። እሷ ብላው ይሁን ከራሱ፣ አልጠየቅሁም።