እትዬ ጡረታ ወጡ

ጌትዬ፣

እንዴት ነህ ልልህ ይቃጣኛል፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ብርድ ገባ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይነጫነጫል። ሊፍቱም አመሉን አልተወም፤ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ያርፋል። ዛሬ የምጽፍልህ ግን የሚያሳዝንህም የሚያስቅህም ወሬ ስላለኝ ነው። እትዬ ጡረታ ወጡ። አዎ፣ ኮምፒውተርህ።

ስሙን ያወጣህላቸው አንተው ነህ። ጠዋት አብርተሃቸው፣ ጺምህን ተላጭተህ ስትመለስ ገና ያቺን ክብ እያሽከረከሩ ይጠብቁሃል። «ትልቅ ሴት አይቻኮሉም» ትልና ትቀመጣለህ። እኔን ዕድሜ ልኬን «አንቺ» እያልክ ለፕላስቲክ ሳጥን አንቱታ ስትሰጥ ቅናት ቢጤ ይዞኝ እንደነበር አልደብቅህም።

መርዶውን ያመጣችው ልጅህ ሄለን ናት። ዊንዶውስ አስር ከእንግዲህ ጥገና አያገኝም አለችኝ፤ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንለት የለም። አዲሱን ደግሞ እትዬ በዚህ ዕድሜያቸው አይችሉትም። ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ በጀርመንኛ ነው። አልተለወጠችም፤ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። የባንኩንም የሐኪም ቀጠሮዬንም ጉዳይ የምጨርሰው በእትዬ ስለሆነ እሺ አልኩና አዲስ ገዛችልኝ። ቀጭን ነው። ገና ሲነኩት ብድግ ይላል፤ እስኪነሳ ሻይ ላፍላ ብትል እንኳ ጊዜ አይሰጥህም።

ግን ሰዓቱ፣ ጌትዬ። እትዬ የሚቆጥሩት በእኛ ሰዓት ነበር። ስልኬም፣ ምድጃውም፣ ባቡሩም ጠዋት ላይ ስምንት ሲሉ እሳቸው ጥጋቸው ላይ ሁለት ብለው ቁጭ ይላሉ። አንተ እያለህ «ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ተነሺ» የሚለኝ ነበረኝ። ከሄድክ ወዲህ በዚህ ቤት እንደኔ የሚቆጥሩ እሳቸው ብቻ ቀሩ። እሳቸውም ከሄዱ ብቻዬን ልቆጥር ነው። ምን እደብቅሃለሁ፣ ለኮምፒውተር አለቀስኩ።

ሄለን እንባዬን ስታይ ደነገጠች። አዲሱን በእጇ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችልኝ፤ ከኢንተርኔቱ ጋር እንደተገናኘ ተመልሶ ወደ ጀርመኑ ሰዓት ሄደ። ደግማ ሞከረች፣ እምቢ አለ። «ማማ፣ ጌት ኒሽት» አለችኝ፣ አይሆንም ማለቷ ነው። አባትሽ እንዴት አደረገው ስላት ትከሻዋን ሰበቀች። እኔም ጠይቄህ አውቃለሁ፤ «ከእትዬ ጋር የተነጋገርነው ነው» ብለህ ስቀህ ነበር ያለፍከኝ። ምስጢሩን ይዘህ ሄድክ ማለት ነው ብዬ ተናደድኩብህ።

በመጨረሻ ሄለን እትዬን ራሳቸውን ከፍታ ትጎረጉር ጀመር። ድንገት ሳቋን ለቀቀችው። የምትኖሩበትን ከተማ ምረጡ በሚለው ቦታ ላይ ምን ብለህ ኖሯል? ኒውዮርክ! ፍራንክፈርት ላይ ከጠዋቱ ስምንት ሲሆን እነሱ ዘንድ ገና የሌሊቱ ስምንት ነው፤ ያንን ደግሞ እነሱ ሁለት ይሉታል። የእኛም የጠዋቱ ሁለት ሰዓት! ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ከሰፈራችን ከኖርድቬስትሽታት ንቅንቅ ሳንል ኒውዮርክ ኖረናል።

ያን ጊዜ የሁዳዴው ነገር ተገለጠልኝ። በየዓመቱ በጾሙ መሐል እትዬ ለጥቂት ሳምንት አንድ ሰዓት ይቀድሙ ነበር። አንተም «ርቧቸው ነው የሚቸኩሉት» ትልና፣ ስምንት ሰዓት ላይ «እትዬ ዘጠኝ ብለዋል» ብለህ ሽሮህን ታስቀርባለህ። ምክንያቱ አሜሪካኖቹ በየመጋቢቱ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት የሚገፉት ከጀርመኖቹ ቀድመው መሆኑ ነው። አንተ ይህን ሳታውቅ ቀርተህ አይመስለኝም፤ ሆድህን ነው ያዳመጥከው። ለሄለን ስነግራት ሁለታችንም ሶፋው ላይ ተንከባለልን። ከቀብርህ ወዲህ እንዲያ ስቀን አናውቅም።

አዲሱንም ኒውዮርክ አስገባነው። ፎቶዎቻችን ተላለፉ፣ እትዬም ተዘጉ። ሄለን እንዳታየኝ ጎንበስ ብዬ «ደህና ይሁኑ፣ ብዙ ደክመውልናል» አልኳቸው። አንተ ብትኖር የምትላቸው ይህንን ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሄለን «በስምንት ሰዓት እመጣለሁ» ብላ በስልክ ጻፈችልኝ። ሄለን ስምንት ካለች የጀርመኑ ነው፣ የእኛ ማታ ሁለት ሰዓት። እኔም ቀኑ ረጅም ነው ብዬ ጸጉሬን ቀለም ለቅልቄ፣ ቤቱን አተረማምሼ፣ ምስሩን እንኳ ሳልዘፈዝፍ ተዝናንቼ ተቀምጫለሁ። በጠራራ ቀን ደወሉ ጮኸ። ብከፍት ልጅህ ናት፣ በረሃብ ፊቷ ተለዋውጦ። አናቴን አየት አደረገችና በዚያ በሚንተባተብ አማርኛዋ «እማዬ፣ ስምንት ሰዓት አልኩሽ እኮ!» አለችኝ። ስልኳን አውጥታም አሳየችኝ፤ ሁለተኛ ሰዓት ጨምራበታለች፣ የኒውዮርክ።

በሩ ላይ እንደቆምኩ አቀፍኳት፤ ነጭ ሸሚዟን በቀለም አበላሸሁት፣ እሷም አልተቆጣችም። አንተን እንደማልረሳህ ታውቃለህ፣ ጌትዬ። አርጅቼ ብረሳህ እንኳ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ በእኛ ቋንቋ የምትነግረኝ ልጅ አለችኝ።

ያንተዋ አልማዝ