ሦስተኛው የዛጎል ድምፅ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 3

ጎደሬ ቀቀልኩ። የኮኮናት ወተቱ ትንሽ አረረብኝ... ተበላ ግን።

ማምሻውን የጸሎት ደወል ተመታ። ያው ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ባዶ የጋዝ ሲሊንደር። አንደኛው ወደ ቤት ግቡ፣ ሁለተኛው ጸልዩ፣ ሦስተኛው አበቃ፣ ተነሡ። ወንድሜ ሲሜሌ ጸለየ። እኔ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጸሎት ከተውኩ ዘጠኝ ዓመቴ። እሱም ‹ጸልዪ› እያለ መለመን ትቷል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 5

ደወሉ ካበቃ በኋላ ከታች፣ ከባሕሩ ዳር የዛጎል መለከት ተነፋ። ከድሮው መንደራችን። ማን አለና? ከዘጠኝ ዓመት በፊት ማዕበሉ ከወሰደው ወዲህ የቆመው የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ብቻ ነው።

ሁለቴ ተነፋ። መጨረሻው ላይ ይንቀጠቀጣል... እንደ አባቴ። በዚያ መንደር ለጸሎት ዛጎል የሚነፋው እሱ ነበር። እሱም ዛጎሉም በአንድ ጠዋት ነው የሄዱት።

«ሰማህ?» አልኩት ሲሜሌን።

«ነፋስ ነው» አለኝ። የክንዱ ፀጉር ግን ቆሟል።

እሑድ፣ ሐምሌ 8

ዛሬም ሁለቴ። ሦስተኛውን ጠበቅኩ... የለም። ሦስተኛው ሳይነፋ ከጸሎት አይነሣም፣ ያደግንበት ነው። ምንጣፉ ላይ እግሬ እስኪደነዝዝ ቆየሁ። ፈራሁ።

ያን ጠዋት ማሰብ አልወድም። አባቴ ማዕበሉን አይቶ ሊያስጠነቅቅ ነፋ። እኛ ደግሞ ዛጎል ሲነፋ መቀመጥ እንጂ መሮጥ መቼ ተማርን? ሰዉ «ሽማግሌው ሰዓቱ ጠፋበት» ብሎ ለጸሎት ተቀመጠ። ፔኒናዬም። አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ታዛዥ ልጅ። እኔ ዳገቱ ላይ እርሻ ነበርኩ። ልጄን እየጸለየች የወሰደብኝን አምላክ ምን ብዬ ልለምነው?

ሰኞ፣ ሐምሌ 9

እማማ ሎሳ ጋ ሄድኩ። ከዚያ መንደር የተረፉ ጎረቤታችን ናቸው። አብደሻል ይበሉኝ ብዬ ነገርኳቸው። አልሳቁም። ምንጣፍ መሥራታቸውን አቆሙ።

«ያን ጠዋት ስንት ሰማሽ?»

«ሁለት።»

«እርሻው ላይ ምን አደረግሽ?»

«ተንበረከኩ። ልማድ አይደል።»

«ታዲያ ማን አስነሣሽ?»

ማን አስነሣኝ? ጭቃው ጉልበቴ ላይ... ቅጠሉ... ከዚያ ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። ተነሥቼ ወደ ባሕሩ አየሁ። ሦስተኛው! በገዛ ጆሮዬ ሰምቼው ነበር። እንዴት ረሳሁት?

«አባትሽ የሚሮጥ ሰው ሲያጣ ገባው» አሉ። «መቀመጣችንን አወቀ። ሮጦ ማምለጥ ሲችል ቆሞ ሦስተኛውን ነፋልን። ቤት ውስጥ አሥራ አራት ነበርን፣ ሁላችንም ወጣን። ፔኒና ቀድማ ተነሣች። እኔን እጄን ይዛ ዳገቱ ሥር አደረሰችኝ። ‹አያቴን ላምጣ› ብላ ተመለሰች።»

«ዘጠኝ ዓመት እንዴት ደበቁኝ?»

«ያንቺ ልጅ ሄዳ እኔ አሮጊቷ ተረፍኩ። በምን ዓይኔ ልይሽ፣ ፉአቲኖ?»

ተቃቅፈን አለቀስን። ተናድጄባቸውም ነበር። አሁንም ትንሽ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 12

ሁለቴ። አሁንም ተቀምጬ ቀረሁ። የሚጠብቀው እኔን ይሆን?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14

ደወሉ አበቃ፣ ከታች ሁለቴ ተነፋ። ሲሜሌን «ዛሬ እኔ ልጸልይ» አልኩት። አፉን ከፍቶ ቀረ።

ድምፄ ሻክሯል። አባቴ ያስተማረኝ ቃል ግን አንዱም አልጠፋም። የአባቴን ስም ጠራሁ። የፔኒናን ስም ጠራሁ... ዘጠኝ ዓመት በጸሎት ያልጠራሁትን። «ልጄን ተቀምጣ አልወሰድካትም። ሰው ልታወጣ ተነሥታ ነው ወዳንተ የመጣችው። እኔንም ከጭቃው አስነሥተኸኛል፣ ረስቼው ነው» አልኩት። አሁንም ትናፍቀኛለች፣ እሱንም አልደበቅኩትም። አሜን አልኩ።

ከባሕሩ በኩል ተነፋ። ረጅም። መጨረሻው ላይ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ።

ሲሜሌ ዓይኑን ገለጠ። «ሦስተኛው ነው» አለ በሹክሹክታ።

«ነፋስ ነው» አልኩትና ተነሣሁ።