ሁለተኛው ጀሪካን

ለልጄ እናት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ደረጃ መውጣት እንዳስቸገረሽ ወንደሰን ነግሮኛል። አንቺ ማለቴን አትቀየሚ፤ ለእህት አንቱ አይባልም። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን፣ አባቱ ከሞተ በኋላ ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ልጃችን አቃንቶ፣ ተርጉሞ ያነብልሻል።

ከባሕር ወጥቶ ቤትሽ ካደረ ወዲህ እንቅልፍ አግኝቼ ነበር። አሁን ግን የደሴታችሁ ሰዎች ተሰብስበው ስደተኞቹ ከየቤቱ ይውጡ ሊሉ እንደሆነ፣ ወንድምሽም በእሱ የተነሳ ደጅሽን መርገጥ እንደተወ ሰማሁ።

እኛም እዚህ ሸደር የስደተኛ ጣቢያ አለን። ከዓመታት በፊት ቀበሌው ሰብስቦ የጣቢያው ሰው ከቦኗችን ውሃ ይቅዳ አይቅዳ ሲለን፣ እጅ ወጣና አይቅዳ ተባለ። ወንደሰን ትንሽ ልጅ ነበር፤ አጠገቤ ተቀምጧል። ስለዚያ ቀን ካልነገረሽ አትጠይቂው።

ዘንድሮ የጣቢያው ቧንቧ ደረቀ። ኻድራ የምትባል አራስ ባዶ ጀሪካን ይዛ ደጄ ላይ ቆመች። በቦኗችን ለአንድ ቤት አንድ ጀሪካን ነው፤ እንግዳ ያለበት ቤት ግን ሁለት ይቀዳል። የእሷን ከእኔ ኋላ አሰለፍኩት።

የቦኖው ጠባቂ ጃማ አየና፣ «የወንደሰን እናት፣ ሁለት ጀሪካን? ባል አገባሽ እንዴ?» አለኝ። ሰልፉ በሳቅ አለቀ።

«እንግዳ አለብኝ» አልኩት።

ኻድራን አየት አድርጎ፣ «ይቺ እንግዳሽ መቼ ነው የምትሄደው?» አለ።

«ልጄን ያስጠጉት ሰዎች ውጣ ያሉት ቀን» አልኩት።

የጃማ ወንድምም በዚያው ባሕር ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። ዞሮ ቧንቧውን ከፈተልኝ። በማግስቱ ሚስቱ ሁለት ጀሪካን ይዛ ተሰለፈች፤ ለካ እነሱም ቤት እንግዳ መጥቷል።

እህቴ፣ ወንድምሽን አትጣዪው። ሲመጣ ቤቴ ያለው እንግዳ ነው በይው፤ እንዲህ ሲባል የሚጨክን ሰው ጥቂት ነው። ልጁንም እዘዢው፣ ዕቃ ያውጣልሽ፣ ያውርድልሽ። ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ ደጅሽን ሰው አያሳጣው።

ወንድዬ፣ ይህችን ለእሷ አትተርጉምላት፤ ያን ቀን እኔም እጄን ሳወጣ አይተኸኛል፤ አሁን የኻድራ ሕፃን በቦኗችን ውሃ ታጥቧል።

ሌላዋ እናቱ